ጣርማበር ላይ የሄሊኮፕተሯ አፍንጫ ለምን ወደ ቀኝ ይዞራል? ስለ ጆይስቲክ የጠየቅሁትና የተመለሰልኝ

የመክፈቻ ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከደብረ ብርሃን ነው። ፍላይትጊር በሚባለው የበረራ ሲሙሌተር ላይ ሄሊኮፕተር ማብረር ከጀመርኩ አምስት ወር አለፈኝ። የማበራት ቦ 105 የምትባለዋን የጀርመን ሄሊኮፕተር ነው። ጆይስቲኬ ያገለገለ ነው። እጀታው ግራና ቀኝ ይጠመዘዛል፤ ከሥሩ አንዲት ተንሸራታች ማንሻ አለችው። አፍንጫዋን የሚያዞረው ፔዳል የለኝም፤ በፔዳል ፈንታ የምጠቀመው የእጀታውን ጥምዘዛ ነው። ማንሻዋን ደግሞ ኮሌክቲቭ አድርጌያታለሁ፤ ከፍና ዝቅ የምለው በሷ ነው።

ሸዋ ሮቢት ሜዳ ላይ ስነሳ፣ እየተወዛወዝኩም ቢሆን፣ አየር ላይ ቆሜ መቆየት እችላለሁ። ጣርማበር አናት ላይ ስነሳ ግን አፍንጫዋ ወደ ቀኝ ይዞራል። እጀታውን እስከ ጥግ ወደ ግራ ብጠመዝዘውም አይመለስም። ሁለት ሦስት ዙር ትዞርና ገደል ትገባለች። ደድ ዞኑን (መሃል ላይ የእጄ እንቅስቃሴ የማይቆጠርበትን ክፍል) 10 ከመቶ አድርጌዋለሁ። ከርቩንም (ሲሙሌተሩ ለእጄ እንቅስቃሴ የሚሰጠውን ምላሽ መጠን) አለስልሻለሁ። ምን ልቀይር?

ይህን የጻፍኩት ማታ 3 ሰዓት ላይ ነበር። ጠዋት ስነሳ ስምንት መልስ ጠበቀኝ። አሁን 30 ደርሷል። የውይይቱ ክር ስለረዘመ አዲስ የሚገባ ሰው እንዳይደናገር፣ የተባለውን በራሴ አነጋገር ከላይ እስከ ታች አስቀምጣለሁ። የመሰለኝንም እጨምርበታለሁ።

መልስ 1 የመጣው ከደብረ ሲና ነው። ጸሐፊው ጣርማበርን ከደጃፉ ሆኖ እንደሚያየው፣ የአካባቢው ልጅ ሄሊኮፕተር ሲያበር በማየቱም ደስ እንዳለው ገልጾ ጀመረ። ከዚያ በመጀመሪያ ደድ ዞኑን እንዳጠፋው መከረኝ። ደድ ዞን የተሠራው ላረጀ ጆይስቲክ ነው። እጅ ሳይነካው እየተንቀጠቀጠ የሚያስቸግረውን ለማፈን ነው። አውሮፕላን ላይ ብዙም አይጎዳም፤ አውሮፕላን በራሱ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። አየር ላይ የቆመ ሄሊኮፕተር ግን መሃል ላይ የሚያርፍበት ቦታ የለውም። ሁልጊዜ በትንሽ በትንሹ መነካካት ይፈልጋል። መሃሉን 10 ከመቶ ከገደልከው፣ እጅህ ይንቀሳቀሳል ሄሊኮፕተሯ አትሰማም፤ ከዚያ ድንገት ትሰማና ትዘላለች። የሚንቀጠቀጥ ጆይስቲክ ከሆነ 1 ወይም 2 ከመቶ፣ ካልሆነ ዜሮ እንዳደርገው ነገረኝ።

ወዲያው ሞከርኩት። መወዛወዙ በግማሽ ቀነሰ። አፍንጫዋ ግን ጣርማበር ላይ አሁንም ዞረ።

መልስ 2 መልስ 1 ትክክል መሆኑን ብቻ ተናግሮ ሄደ። መልስ 3 ኮሌክቲቩን ስስብ ሁልጊዜ የግራ ፔዳል መጨመር እንዳለብኝ አስረዳ። ሞተሩ ዋናውን ሮተር (ከላይ ያለውን ትልቁን ተሽከርካሪ ክንፍ) ወደ አንድ በኩል ሲያሽከረክር አካሏ ወደ ተቃራኒው መዞር ይፈልጋል፤ የጭራዋ ትንሽ ሮተር ይህን ትከላከላለች። ጉልበት በጨመርክ ቁጥር ፔዳልም ትጨምራለህ ማለቱ ነው።

መልስ 4 እዚህ ላይ እርማት አስገባ። የጻፉት ጡረታ የወጡ የሄሊኮፕተር ጥገና ባለሙያ ናቸው፤ ደብረ ዘይት ኤምአይ 8 ላይ ለዓመታት መሥራታቸውን ነግረውናል። ሁልጊዜ ግራ ማለት ስህተት መሆኑን በትህትና አስረዱ። ቦ 105ም ሆነች የአሜሪካዋ ሂዊ፣ ከላይ ወደ ታች ሲያዩዋቸው ሮተራቸው ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ ይዞራል። ስለዚህ አፍንጫቸው ወደ ቀኝ ይሸሻል፤ ግራ ፔዳል ይፈልጋሉ። የሩሲያዋ ኤምአይ 8 እና የፈረንሳይዋ ጋዜል ግን በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ስለሚዞሩ የሚፈልጉት ቀኝ ፔዳል ነው። ከዚህ በኋላ ሁላችንም ጋሼ እያልን ነው የጻፍንላቸው። መልስ 3ን የጻፈው ልጅም ጋሼን አመስግኖ መልሱን አረመ።

ከመልስ 5 እስከ 8 ድረስ ያለው ስለ ከርቭ ነው። እኔ ብዙ የተማርኩት እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

መልስ 5ን የጻፈው የምህንድስና ተማሪ ነው። ከርቭ ማለት የእጅህን እንቅስቃሴ በሌላ ቁጥር ቀይሮ ለሲሙሌተሩ መስጠት እንደሆነ አብራራ። ለምሳሌ ቁጥሩን በራሱ ብታባዛው፣ ዱላውን (የጆይስቲኩን እጀታ) ግማሽ ስትገፋ ሲሙሌተሩ የሚሰማው ሩብ ብቻ ነው። መሃል ላይ ለስላሳ ይሆንልሃል። ነገር ግን በነፃ የተሰጠ ነገር የለም፤ በቀረችው ግማሽ መንገድ ሦስት አራተኛውን ጉልበት መጨረስ አለበት። ጠርዝ ላይ ይስላል ማለት ነው። እሱ መጠነኛ ከርቭ እንደሚበጅ ያምናል።

መልስ 6 ቁጣ ነበረው። ከርቭ የሚጠቀም ሰው መቼም ማብረር እንደማይማር፣ እውነተኛ ሄሊኮፕተር ላይ ከርቭ የሚባል ነገር እንደሌለ ተናገረ። መልስ 7 ይህኛውን ለዘብ ባለ ቃል መለሰለት። የእውነተኛው ሄሊኮፕተር ዱላ ከወለል ተነስቶ ጉልበት ድረስ የሚደርስ ረጅም ነው፤ የእኛ ደግሞ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ከአንድ ስንዝር ብዙም የማይበልጥ። አንድ ሴንቲሜትር እዚያና አንድ ሴንቲሜትር እዚህ እኩል አይደሉም። ስለዚህ ከርቭ ማታለል ሳይሆን የዱላውን ማጠር ማካካሻ ነው። እውነቱን ነው።

መልስ 8 ግን ሁለቱንም ያለፈ ነገር አመጣ። ጸሐፊዋ አዲስ አበባ የምትኖር የመሐል ሜዳ ልጅ ነች። ከርቭ የሚያለሰልሰው የዱላውን መሃል ነው። ሄሊኮፕተር አየር ላይ ስትቆም ግን ዱላዋ መሃል ላይ አይደለም። የጭራዋ ሮተር አካሏን በሙሉ ወደ ጎን ስለምትገፋት፣ እንደ ቦ 105 ባለችው ላይ ዱላውን ትንሽ ወደ ግራ ይዘህ ነው የምትቆመው። ወደፊት ስትበር ደግሞ ወደፊት ገፍተህ ትይዘዋለህ። ስለዚህ ከርቩን ሲበዛ ካለሰለስከው፣ ልስላሴው አንተ በሌለህበት ቦታ ይቀራል፤ እጅህ ያለው የከረረው ቦታ ላይ ነው። መፍትሄዋ፣ ትሪም (የዱላውን መሃል የሚያዛውር ማስተካከያ) ባለው ሲሙሌተር መጀመሪያ በትሪም መሃሉን እጅህ ወዳለበት ማምጣት፣ ከዚያ ከርቭን በጥቂቱ መጨመር ነው። ይህን ሳነብ ወረቀት አውጥቼ ሥዕሉን ሣልኩት። ከአምስት ወር በኋላ ገና አሁን ገባኝ።

ጋሼ በመልስ 9 ደገፏት። ኤምአይ 8 ላይ ዱላው ላይ ያለችውን ቁልፍ ተጭነህ ወደፈለግክበት ወስደህ ስትለቃት፣ ዱላው እዚያው እንደሚቆም አስታወሱ። የእኛ ጆይስቲክ ውስጥ ያለው ሞላ ሁልጊዜ ወደ መሃል ስለሚጎትት፣ አብራሪው ሳያውቀው ከሞላው ጋር ሲታገል ይውላል። እሳቸው ሞላው ቢላላ ይመርጣሉ። መልስ 10 ከሸዋ ሮቢት የሚጽፍ ወጣት ነው፤ ሞላውን ጭራሽ አውጥቶ ጥሎታል። መልስ 11 እጁን ሲለቅ ዱላው ወድቆ ሄሊኮፕተሯም አብራ እንደምትወድቅ አስጠነቀቀው። ወጣቱም በዱላው ሥር ላይ ቁራጭ ላስቲክ ጠምጥሞ እንዳጠበቀው መለሰ። እኔ ሞላዬን ለማውጣት አልደፈርኩም።

መልስ 12 ስለ ቦ 105 ራሷ ነው። የሮተሯ ክንፎች ከመሃሉ ጋር የተያያዙት ያለ ማጠፊያ፣ ግትር ሆነው ነው። ስለዚህ ዱላ ስትነካ ወዲያው ትሰማለች፤ ለጀማሪ ፈጣን ናት። ሂዊ ሁለት ክንፍ ያላት፣ ከላይዋ ማረጋጊያ ዘንግ ያላት ስለሆነች ዘግየት ብላ ነው የምትሰማው። ለአንዷ የተስማማ ሴቲንግ ለሌላዋ እንዲሁ አይገለበጥም። ጸሐፊው ሂዊ ላይ ያለውን ችግርም አልደበቀም። ዘግይታ ስለምትሰማ ጀማሪ አሁንም አሁንም ይጨምራል፤ የጨመረው ሁሉ ተጠራቅሞ አንድ ላይ ይመጣል። መፍትሄው ዱላውን ነክቶ ውጤቱን ሳይጠብቁ ወዲያው መመለስን መልመድ ነው። በዚሁ ላይ ኮምፒውተሬ በሴኮንድ ስንት ሥዕል እንደሚያሳይ ጠየቀኝ። 15 ገደማ ነው አልኩት። የዛፍና የደመና ብዛት እንድቀንስ፣ የሚዘገይ ሥዕል ላይ የትኛውም ሴቲንግ እንደማይሠራ ነገረኝ።

ከዚህ በኋላ ንግግሩ ሻከረ። መልስ 13 ይህን ሁሉ ከመልፋት ጥሩ ጆይስቲክ ግዛ አለ፤ በማግኔት የሚሠራ፣ ፔዳል ያለው። በዚህ ዕቃ መጠየቅህ ራሱ ጊዜ ማባከን ነው የሚል ቃልም ጨመረበት። መልስ 14 አልታገሠውም። የሱ ዓይነት ዕቃ ስንት ወር ደመወዝ እንደሚፈጅ፣ ከውጭ ለማስመጣት ስንት ደጅ እንደሚጠና ዘርዝሮ፣ ሰው ባለው ዕቃ መጠየቁ ነውር እንዳልሆነ ነገረው። በኔ በኩል መልስ 14ን አመሰግናለሁ። ሆኖም ስለ ማግኔቱ መልስ 13 እውነት አለው። የብዙ ርካሽ ጆይስቲክ ውስጠኛ ክፍል ልክ እንደ ሬዲዮ ድምፅ መጨመሪያ ነው፤ አንድ ምላስ ጥቁር ንጣፍ ላይ እየፈተገ ይሄዳል። አቧራ ሲገባበትና ሲያልቅ ቁጥሩ ይዘላል። በማግኔት የሚሠራው አይፋተግም።

ይህ ነው የሸዋ ሮቢቱን ወጣት በመልስ 15 ያስነሳው። ፔዳል ራሱ ሠርቷል! ሁለት ቁራጭ ጣውላ፣ የበር ማጠፊያ፣ ከተበላሸ ጌምፓድ የወጣ ሰርኪውት፣ ከአሮጌ ሬዲዮ የተነቀለ የድምፅ መጨመሪያ። ችግሩ ፔዳሉ በአንድ በኩል ደንዝዞ በሌላ በኩል መክረሩ ነው። ተማሪው በመልስ 16 የመጨመሪያውን ጀርባ እንዲያይ ነገረው። የሬዲዮ ድምፅ መጨመሪያ ብዙ ጊዜ ለጆሮ ተብሎ የሚሠራ ነው፤ ግማሽ ሲዞር ገና ከ10 እስከ 15 ከመቶ ብቻ ይደርሳል። የቀረው በመጨረሻው ግማሽ ነው የሚመጣው። ለፔዳል የሚያስፈልገው እኩል የሚጨምረው ነው። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ላይ ኤ፣ የሁለተኛው ላይ ቢ የሚል ፊደል ይታተማል።

ወጣቱ በመልስ 17 ፎቶ ይዞ ተመለሰ። ክብ የብረት ጀርባ፣ ጠርዟ ላይ ቡናማ ዝገት፣ ሦስት እግሮቿ ላይ የደረቀ ብየዳ። አውራ ጣቱ ጥፍር አጠገብ፣ ሊጠፋ የደረሰ ጽሕፈት አለ፤ ኤ50ኬ ይላል። እንግዲህ ስንት ሌሊት ከርቭ ሲያስተካክል ያደረው ከዚያች ፊደል ጋር ነበር።

መልስ 18 ከመስመር ወጣ። የጣርማበርን ዋሻ በሄሊኮፕተር ማለፍ ይቻል እንደሆነ ጠየቀ። መልስ 19 ዋሻው በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራ መሆኑን፣ ሲሙሌተሩ ግን ተራራውን ደፍኖ ስለሚያሳየው የሚገባበት ቀዳዳ እንደሌለ ነገረው። መልስ 20 ደግሞ ከዚህ ሁሉ የራቀ ነበር። የመንዝ ሰው ነው። በ77ቱ ድርቅ እናቱ ልጅ እንደነበረች፣ እህል በአየር ሲመጣ የሄሊኮፕተር ድምፅ ከገደሉ ሥር ከፍ እያለ ሲመጣ ከብቱ ሁሉ እንደሸሸ፣ እናቱ ግን እስከ ዛሬ ያን ድምፅ በሰማች ቁጥር እጇን ወደ ሰማይ እንደምትዘረጋ ጻፈ። ሲሙሌተር የጀመረውም ለእናቱ ሊያሳያት ነው። ለዚህ መልስ የሰጠ ሰው የለም። እኔም ምን እንደምል ጨንቆኝ ዝም አልኩ። ዛሬ ግን እዚህ ላይ አመሰግነዋለሁ።

መልስ 21 ወደ ጉዳዩ እንድንመለስ በቁጣ አሳሰበ። ጠያቂው አፍንጫዋ ዞረ ብሎ ሃያ መልስ ተሰጥቶት አፍንጫዋ አሁንም እየዞረ መሆኑን አስታወሰ። ቁጣው ተገቢ ነበር።

መልስ 22 የጋሼ ነው። ሁለት ነገር ጠየቁኝ። ሸዋ ሮቢት ላይ እጀታውን ምን ያህል እጠመዝዛለሁ? ጣርማበር ላይ ጥግ ስደርስስ የፔዳሉ ቁጥር ስንት ይላል? ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ነው። ጣርማበር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ከፍታ ላይ አየሩ ይሳሳል። ስለዚህ የዋናውን ሮተር ክንፎች የበለጠ ማዘንበል ግድ ነው፤ ሲያዘነብሉ አካሏን የማዞር ኃይሉ ይጨምራል። በዚያው ጊዜ የጭራዋ ሮተር የምትይዘውም ያንኑ ስስ አየር ነው። ሁለቱም በአንድ ላይ ፔዳል ይበላሉ። የእውነት ሄሊኮፕተርም ከፍታ ላይ ፔዳሉ የሚያልቅበት ቀን አለ። ቦ 105 ግን ባዶዋን ሆና እዚያ ላይ ሊያልቅባት አይገባም አሉ፤ ስለዚህ ከሴቲንግህ ፈልግ።

ተማሪው በመልስ 23 ቁጥሩ የት እንደሚታይ አሳየኝ። ፍላይትጊር ውስጥ ፕሮፐርቲ ብራውዘር የሚባል መስኮት አለ። ኮንትሮልስ፣ ከዚያ ፍላይት፣ ከዚያ ራደር፤ ራደር የሚለው የፔዳሉ ቁጥር ነው። ሙሉ ግራ -1 ነው፤ ሙሉ ቀኝ 1።

መስኮቱን ከፈትኩት። እጀታውን ቀስ ብዬ ወደ ግራ ጠመዘዝኩት። -0.2፣ -0.4፣ -0.55። ፕላስቲኩ ጥግ ሲደርስ ቀጭን ድምፅ አሰማ። ቁጥሩ -0.6 ላይ ቆመ። ብገፋውም አልነቃነቅ አለ።

በመልስ 24 ያገኘሁትን ጻፍኩ። ስጀምር ከአንድ ቪዲዮ ላይ የጆይስቲክ ፋይል ቀድቼ ነበር። በዚያ ፋይል ውስጥ ለራደር ፋክተር የሚባል ቁጥር 0.6 ተደርጓል። ቪዲዮውን የሠራው ሰው የሚያበረው ባሕር ዳርቻ ላይ ነበር። ፔዳሉ እንዳይከርበት ከላይ ቆርጦታል፤ ለሱ ቦታ በቂ ነው። ሸዋ ሮቢት ላይም እንደ ምንም በቅቶኛል። ጣርማበር ላይ አልበቃም። እኔ ይህን ሁሉ ጊዜ መሃሉን ሳለሰልስ፣ የጎደለው ጫፉ ነበር።

መልስ 25 ሰው የሠራውን ሳይገባህ ከቀዳህ ገደል መግባትህ የእጅህን ማግኘትህ ነው የሚል ነበር። ቃሉ ከረረብኝ። መልስ 8ን የጻፈችው ልጅ በመልስ 26 ጀማሪ ሁሉ ከመቅዳት እንደሚነሳ ነግራ ተከራከረችልኝ። ሰውየውም በመልስ 27 ይቅርታ ጠይቆኛል፤ እኔም በደስታ ተቀብያለሁ።

በመልስ 28 ተማሪው ሒሳቡን ሠርቶ አቀረበ። በመደበኛው የአየር ሠንጠረዥ 1,300 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ወለል 12 ከመቶ ያህል ይሳሳል፤ 3,100 ሜትር ላይ ከሩብ በላይ። ሙቀት ሲጨመር ደግሞ ይብሳል። ሸዋ ሮቢት ላይ 30 ዲግሪ ቢሆን ቅናሹ 20 ከመቶ ይጠጋል፤ ጣርማበር ላይ 10 ዲግሪ ቢሆን 30 ከመቶ ገደማ። ስለዚህ የሲሙሌተሩን ሰዓት ወደ ንጋት መልሼ እንድለማመድ መከረኝ። ከደብረ ብርሃን ስነሳም ያው 2,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከጣርማበር ብዙ አይለይም።

መልስ 29 የደብረ ሲናው ነው። ስነሳ አፍንጫዬ ወዴት እንደሚያይ ጠየቀኝ። ወደ ደብረ ብርሃን ነበር። የአየር ሁኔታውን እንደ እውነቱ ከከፈትኩት፣ ከሰዓት በኋላ ከቆላው ሽቅብ የሚወጣው ነፋስ ከኋላዬ እንደሚመጣ አስረዳኝ። ነፋስ ከኋላ ሲመታ ጭራዋን ገፍቶ ማዞር ይፈልጋል፤ የጠበበችውን ፔዳል ያንኑ ጊዜ ይበላል። ፊቴን ወደ ቆላው፣ ወደ ይፋት አዙሬ እንድነሳ ነገረኝ።

ፋክተሩን 1 አደረግሁት። ደድ ዞኑ ዜሮ። ከርቩን ለጥምዘዛው ብቻ በትንሹ አስቀረሁት፤ ለዱላው አጠፋሁት። ፊቴን ወደ ቆላው አዞርኩ። ማንሻዋን ቀስ ብዬ ሳብኩ። አፍንጫዋ ትንሽ ወደ ቀኝ ሊሸሽ ሲል ጠመዘዝኩ፤ ቆመ። ቁጥሩን አየሁት፤ -0.68 ይላል። በድሮው ፋይል የማልደርስበት ቁጥር ነው። ሦስት ደቂቃ ያህል ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሜ፣ መብራት ሄደ።

መልስ 30 ዛሬ ጠዋት የገባ ነው። የሸዋ ሮቢቱ ወጣት ቢ የሚል ፊደል ያለባት መጨመሪያ አግኝቷል። ሁለት ስላገኘ አንዷን ለኔ አስቀምጦልኛል። ቅዳሜ ጣውላና ማጠፊያ ይዤ እወርዳለሁ።